እህል መጋዘን የገቡት መጻሕፍት

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጡ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ሥራ ለወጥሁ እንጂ ጡረታም አልወጣሁም። ዛሬ የጭነት መኪና ረዳት ነኝ፤ ጎማ እፈታለሁ፣ ሸራ አስራለሁ፣ ጭቃ ሲይዘን መጀመሪያ የምወርደው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን ዳንግላ፣ መምህራን በሚሠለጥኑበት ኮሌጅ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርሁ። ሹፌሬ ይህን በሰማ ቁጥር ይስቃል። «መጽሐፍ ሲያገላብጥ የኖረ እጅ ክሪክ አያነሣም» ይላል። አንሥቻለሁ። ግን ያ ሥራ እንዴት እንዳለቀ ዛሬ ካልጻፍሁት ነገ አሳምሬ እንደማወራው አውቃለሁ፤ ግጥም የሚሞክር ሰው ትዝታውን ማጣፈጥ ይወዳል። ስለዚህ ሳይጣፍጥ በፊት ልጻፈው።

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምሁት። የቀረውን ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብሁ ለራሴ አስተማርሁ። መጀመሪያ ሥራዬ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ አቤቱታ መጻፍ ነበር። ያን ጊዜ የነበሩት የኮሌጁ ዲሬክተር ስለ አንድ የጠፋች ላም የጻፍሁትን አቤቱታ እንዴት እንደሆነ እንጃ አግኝተው አንብበው ኖሮ፣ አስጠሩኝና «ላሚቱ በግጥም ነው እንዴ የምታለቅሰው?» አሉኝ። አፈርሁ። እሳቸው ግን ስቀው ቀጠሩኝ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ መጽሐፍ ግን ነበረ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ቢያድግልኝ ይባላሉ። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ባለ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የብራና መጽሐፍ ሲጠርዙ አድገው ነው የመንግሥት ሥራ የገቡት። ሲያስተምሩኝ ብዙ አይናገሩም፤ አጠገባቸው ያቆሙኝና ይሠራሉ። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ እንደማንም ሰው መሐሉን ገልጠው አያዩም። ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ያቆሙታል። ከፊት ጥቂት ገጽ፣ ከኋላ ጥቂት ገጽ እያሉ ግራና ቀኝ ያስተኙታል። መሐሉ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉ እንደ ተኛ ልጅ ዘና ብሎ ይከፈታል።

«ቸኩለህ ከገለጥኸው ወገቡ ይሰበራል» ይሉኝ ነበር። «ወገቡ የተሰበረ መጽሐፍ ደግሞ ገጹን ይጥልብሃል።»

ገጹን የጣለውን መልሰው ይሰፉታል። ማጣበቂያው የስንዴ ዱቄት ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ለስለስ ባለ እሳት ላይ ነጭነቱ ጠፍቶ ውኃ እስኪመስል ድረስ ይማሰላል። ትል እንዳይበላው የግራዋ ቅጠል ጭማቂ ጠብ ያደርጉበታል። ጀርባው ላይ ቀጭን የፍየል ቆዳ ይለጥፋሉ። የዳንግላ ክረምት ረጅም ስለሆነ፣ ሻጋታ እንዳይገባ ከአዲስ ቅዳም የመጣ ከሰል በምድጃ አድርገን ክፍሉ መሐል እናስቀምጣለን፤ እኔ ደግሞ መጻሕፍቱን በየተራ እያወረድሁ ወደ ሙቀቱ አራግባቸዋለሁ። እጄ ሲሠራ አፌ ቤት ይመታል። «ግጥምህን ወደዚያ፣ አቧራውን ወደዚህ» ይሉኛል።

ከሁሉ የሚያስቀው የቆሎ ነገር ነበር። አቶ ቢያድግልኝ የምግብ ፍርፋሪ አይጥ ይጠራል ብለው በር ላይ ይቆማሉ። ወንዶቹ ኪሳቸውን ይገለብጣሉ፤ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ይፈታሉ። ቆሎው መስኮቱ ላይ ባለው ሳህን ይቀመጥና ሲወጡ ይወስዱታል። እናትነሽ የምትባል ከዘንገና ሐይቅ አካባቢ የመጣች ተማሪ ሁልጊዜ አንድ ነገር ጣል ሳታደርግ አትገባም።

«አቶ ቢያድግልኝ፣ ደህና አድርገው ይጠብቁልኝ። ቆጥሬዋለሁ።»

«የተቆጠረ ቆሎ አልወስድም፤ ግቢ» ይሏታል፤ እሳቸውም አይስቁም፣ እሷም አትስቅም፤ የምስቀው እኔ ነኝ።

ይህች እናትነሽ ባለፈው ዓመት የማጠናቀቂያ ፈተናውን ወድቃ ነበር። ደንቡ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ዘንድሮ ካለፈች አስተማሪ ትሆናለች፤ ካላለፈች ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። ፈተናው ከሚወጣባቸው መጻሕፍት ዋናው ስለ ማስተማር ዘዴ የተጻፈ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲሆን፣ ለሚፈተኑት ሁሉ የነበረን ሦስት ቅጂ ብቻ ነው። ከመገለጡ ብዛት ሦስቱንም አቶ ቢያድግልኝ ደጋግመው ሰፍተዋቸዋል።

አዲስ ቅጂ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከውጭ አገር የመጽሐፍ ስጦታ መጥቶልን ነበር። አዲሱ ዲሬክተር ባለመስተዋት ቁም ሣጥን አሠርተው እዚያ ቆለፉበት። ቁልፉ አቶ ቢያድግልኝ ዘንድ ነው፤ እንዳይከፍቱት ግን ታዘዋል። «የሰጡን ሰዎች አንድ ቀን መጥተው የሰጠነው የት አለ ይላሉ» ነበር የዲሬክተሩ ምክንያት። በእኛ አገር ለእንግዳ የሚወጣ ዕቃ በአዘቦት አይነካም። ስለዚህ ነገሩ ለማንም እንግዳ አልሆነም። መጻሕፍቱም ከነወረቀት መጠቅለያቸው እንደ ሙሽራ ተቀመጡ።

በግንቦት መጨረሻ ዲሬክተሩ እየተጣደፉ ገቡ።

«ሊመጡ ነው! ስጦታውን የላኩት ሰዎች ሊመጡ ነው። ከወደዱን ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን ቤት ያሠሩልናል።»

ከዚያ መደርደሪያዎቹን አዩ። ያ የተሰፋ፣ የተለጠፈ፣ ጥጋጥጉ የተላጠ መጽሐፍ ሁሉ በዓይናቸው ሲገባ ፊታቸው ሲቀየር አየሁ።

«ይህ ጨርቃ ጨርቅ ምንድን ነው? ሰዎቹ ይህን አይተው ምን ይሉናል? ከዚህ ይውጣልኝ። ተማሪ እጅ ያለውም ይሰብሰብ። የምግብ ቤቱ መጋዘን ይግባና እስኪሄዱ ይቆለፍበት።»

አቶ ቢያድግልኝ ቀስ ብለው፣ «ጌታዬ፣ እሱ የእህል መጋዘን ነው። አይጥ አለው» አሉ።

«ለሁለት ቀን አቶ ቢያድግልኝ! ለሁለት ቀን አይጥ ምን ያደርጋል?»

«ፈተናም ደርሷል።»

«ሁለት ቀን አላነበቡም ብለው አይወድቁም።»

መጽሐፍ ሰብሳቢው እኔ ሆንሁ። ከየመኝታ ቤቱ ደጃፍ እየቆምሁ ተቀበልሁ። እናትነሽ ያነበበችበትን ቦታ ነጠላ ክር ሰክታበት ነበር። ክሩን መዝዛ አወጣችና መጽሐፉን አቀበለችኝ።

«አንተ ባለቅኔ፣ ለእንግዳ ቤት ይጠረጋል እንጂ ወንበር ይወጣል እንዴ?»

«የታዘዝሁትን ነው።»

በአገውኛ አንድ ነገር አለች። ጓደኞቿ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። የእኔ አገውኛ ለገበያ እንጂ ለስድብ አይበቃም፤ ግን ምን እንዳለችኝ ከሳቁ ገባኝ።

መጻሕፍቱን በጋሪ ጭነን መጋዘን አስገባናቸው። ከጤፉና ከገብሱ ጆንያ ጎን፣ አቶ ቢያድግልኝ ሳንቃ አንጥፈው በገዛ እጃቸው ደረደሯቸው። በሩ ተቆለፈ። ዲሬክተሩ ጓጉንቸሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው በሰም አሸጉት፤ ማኅተም መቱበት፤ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። በማግስቱ እንግዶቹን ለመቀበል ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዱ።

ዝናቡም በዚያው ቀን ጀመረ።

ሁለት ቀን አለፈ፤ ሦስትም አለፈ። በአራተኛው ግድም ስልክ ቤቱ ወሬ አመጣ፤ እንግዶቹ ቡሬ ላይ መንገድ ተበላሽቶባቸው ቆመዋል። ቀጥሎ ደግሞ ከእንግዶቹ አንዱ ታሟል ተባለ። ቀጥሎ ምንም አልተባለም። ለአቀባበል የተጠሩት ፈረሰኞች በየጠዋቱ ፈረሶቻቸውን ሸልመው ከመንገዱ ዳር ይቆማሉ፤ ቀትር ላይ ጌጡ ረጥቦ፣ የፈረሶቹ ሆድ በጭቃ ተለስኖ ይመለሳሉ። እኔ የእንኳን ደህና መጣችሁ ግጥም እንዳዘጋጅ ታዝዤ ነበር። ለአቶ ቢያድግልኝ አነበብሁላቸው።

«ባሕር ተሻግራችሁ፣ ደመና ሰንጥቃችሁ፣
ዳንግላ ደረሳችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።»

«ደመናውንስ አልሰነጠቁትም» አሉ፤ ወደ ጣራው እያዩ። «ቢሰነጥቁትማ ይህ ዝናብ ባባራ ነበር።»

ይህን ሲሉ እንኳ ልባቸው ከእኔ ጋር አልነበረም። ጠዋት ጠዋት፣ ሌላው ሰው ሳይመጣ፣ መጋዘኑን ሲዞሩት አያቸዋለሁ። አንድ ቀን ተከተልኋቸው። በጀርባ በኩል ያለው ግድግዳ ጭቃው ረግፎ እንጨቱ የሚታይበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆመዋል። አዩኝና ቦታ ለቀቁልኝ። እኔም ጆሮዬን ለጠፍሁ። መጀመሪያ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከውስጥ ፈጠን ፈጠን ያለ መፈግፈግ ሰማሁ። ያቆማል፤ ይጀምራል። እህል ሲቆረጠም ድምፁን አውቃለሁ፤ ደረቅ ነው። ይህ ደረቅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ እንስበረው» አልኋቸው።

«ማኅተሙን?»

«በሩን።»

«የመንግሥት ማኅተም ሰብረህ ለማን ታስረዳለህ? እህልም አለበት። የጎደለ ጆንያ ሁሉ ባንተ ይቆጠራል።» ቀና ብለው አዩኝ። «በእኔም።»

«ታዲያ ዝም ብለን እንስማ?»

ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። መፈግፈጉ ቆመ። እጃቸውን ሲያነሡ ቀጠለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን በየተራ እየሄድን ግድግዳ መምታት ሥራችን ሆነ። ዛሬ ሳስበው የሚያስቅ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ምግብ አላስበላኝም። እንቅልፌም ውስጥ ያ ድምፅ ይገባ ነበር።

ተማሪዎቹ በበኩላቸው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ፈተናው እየቀረበ ሲሄድ እናትነሽ መቀለድ ተወች። ቤተ መጻሕፍቱ ትመጣለች፤ ከመስተዋቱ ፊት ትቆማለች፤ አዲሶቹን ቅጂዎች በመጠቅለያቸው ውስጥ ታያለች። አቶ ቢያድግልኝ ያለ ሥራ ጠረጴዛ ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ዞር ብላ፣

«አቶ ቢያድግልኝ፣ ይህ መስተዋት ባይኖር ይሻል ነበር» አለች። «የማላየው ነገር አያስጎመጀኝም።»

የጠረጴዛው መጥረጊያ ቆመ።

እንግዶቹ በመጨረሻ ባላሰብነው ሰዓት መጡ፤ ፈረሰኞቹ ተስፋ ቆርጠው ከተበተኑ በኋላ። ሁለት ወንዶችና አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ሦስቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰዋል። ታሞ የነበረው ፊቱ ገርጥቷል። ዲሬክተሩ ራሳቸው ያስተረጉማሉ። እኔ ግጥሜን አነበብሁ፤ ዲሬክተሩ አንዱን ስንኝ በሁለት ቃል ተረጎሙት፤ አሮጊቷ ፈገግ አለች።

ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ገቡ። መደርደሪያው ላይ የቀረው ጥቂት ንጹሕ መጽሐፍ ተራርቆ ተደርድሯል። መስተዋቱ እስኪያንጸባርቅ ተወልውሏል። ትንፋሼን ይዤ ቁም ሣጥኑን እስኪያዩ ጠበቅሁ። አንደኛው ሰው ወደ ጣራው አንጋጠጠ። የሚያፈሰውን ቦታ በጣቱ ለጓደኛው አሳየ። ሜትር አውጥተው የክፍሉን ወርድና ቁመት ለኩ። የተማሪውን ብዛት ጠየቁ። አሮጊቷ ምድጃው አጠገብ ቆማ እጇን ሞቀች። የታመመው ሰው ቀስ ብሎ ዲሬክተሩን አንድ ነገር ጠየቀ፤ ዲሬክተሩ እኔን፣ «ይሁኔ፣ ሽንት ቤት አሳየው» አሉኝ።

ስመለስ እየተጨባበጡ ነበር። አንድም መጽሐፍ አልነኩም። ወደ ቁም ሣጥኑ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር አላሉም። ስለ ቤቱ አስበው እንደሚጽፉልን ተናግረው፣ ሳይመሽ ባሕር ዳር ለመግባት ተነሥተው ሄዱ።

ዲሬክተሩ ደስታቸውን መያዝ አቃታቸው። «ለኩት! አያችሁ? ሊሠሩት ባይሆን ለምን ይለካሉ?» አሉና የመጋዘኑን ቁልፍ ወረወሩልኝ።

ማኅተሙን እኔ ቀደድሁት፤ በሩን አቶ ቢያድግልኝ ገፉት። መጀመሪያ የመጣብን ሽታው ነው። ቀጥሎ ሳንቃው ላይ የገለባ ክምር የሚመስል ነገር አየን። ገለባ አልነበረም። አይጦቹ ወረቀቱን አልበሉትም፤ ሸርክተው ጎጆ ሠሩበት። የበሉት ጀርባውን ነው፤ የስንዴውን ማጣበቂያና የፍየሉን ቆዳ። ግራዋው ትልን ከለከለ እንጂ አይጥን አልከለከለም። አቶ ቢያድግልኝ ተንበርክከው አንድ በአንድ አነሡ። ያልተጠገኑት፣ ማንም የማያነባቸው፣ ብዙም ሳይጎዱ ተቀምጠዋል። የተጠገኑት ግን ገና ሲነኩ ገጻቸው እንደ ቅጠል ይረግፋል። የማስተማር ዘዴው መጽሐፍ ሦስቱም ቅጂዎች እንዲያ ሆነዋል።

«የነካሁት ሁሉ ተበላ» አሉ።

እኔ፣ ለላም አቤቱታ እንኳ ቃል ያላጣሁት ሰው፣ እዚያ ጆንያ መሐል ቆሜ የምለው ጠፋኝ። እሳቸው አላለቀሱም፤ አልተቆጡምም። የተሸረከተውን ወረቀት ሳንቃው ላይ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «ና» አሉኝ።

ቀጥ ብለው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄዱ። ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ባለመስተዋቱን ቁም ሣጥን ከፈቱት። የማስተማር ዘዴውን አዲስ ቅጂዎች አወረዱ፤ መጠቅለያውን ገፈፉ። ከዚያ፣ እንዲያ ተቻኩለው እንኳ፣ እያንዳንዱን በጀርባው አቁመው፣ ከፊት ጥቂት፣ ከኋላ ጥቂት እያሉ፣ መሐሉ ድረስ አለዘቡት። እኔን ተማሪዎቹን እንድጠራ ላኩኝ። ሲመጡ ሳይመዘግቡ ሰጧቸው። እናትነሽ የእሷን ስትቀበል፣

«ፈተናው ስንት ቀን ቀረው?» አሏት።

«ያለቀ በሉት።»

«እንግዲያስ ቁመሽ አታውሪኝ።»

ዲሬክተሩ የደረሱት ቁም ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ነው። መጋዘኑን አይተው የመጡ ስለሆነ ፊታቸው ጠቁሯል፤ ግን ያንን አላነሡም።

«ማን ፈቀደልዎት?»

«ማንም።»

«የስጦታ ንብረት ነው! ቤቱ ሲሠራ በምን ልንሞላው ነው?»

«ቤቱ ይሠራ፤ መሙላቱን ያን ጊዜ እናስባለን።»

«አቶ ቢያድግልኝ፣ በዕድሜዎ አክብሬዎት ነው እንጂ…»

«አያክብሩኝ። በእህል መጋዘን ያስገባሁት እኔ ነኝ። አይጥ መኖሩን እያወቅሁ በሳንቃ ደርድሬ ያስገባሁ እኔ ነኝ። እርስዎ አላወቁም፤ እኔ አውቅ ነበር። እንግዲህ የሚመጣውን እቀበላለሁ። መጽሐፉ ግን አይመለስም።»

ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሁኔ፣ ሂድና አንድ ሳይቀር ሰብስበህ አምጣ። አሁን!»

ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ አላውቅም፤ እግሬ መታዘዝ ለምዶ ነው መሰለኝ። የሴቶቹ መኝታ ቤት ወንድ ስለማያስገባ መስኮቱ ላይ ቆምሁ። እናትነሽ ትልቁን መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሌሎቹ ዙሪያዋን ተቀምጠው ይጽፋሉ። ሲያዩኝ ድምፁ ቆመ። እናትነሽ መጽሐፉን ዘጋችና ወለሉ ላይ አድርጋ ቁጭ አለችበት።

«ምን ፈለግህ?»

«መጽሐፉን።»

«የቱን መጽሐፍ?»

«የተቀመጥሽበትን።»

«ታዲያ ግባና አስነሣኝ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ ውስጥ ያየሁት ስድብ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። እወስደዋለሁ ብላ አምናለች። ባለፈው ወስጄባታለሁና።

«ስለ መልመጃ አወጣጥ የሚለው ምዕራፍ አያልፍሽ» አልኋት። «ዘንድሮ ከእሱ ይወጣል እያሉ መምህራኑ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

ከመስኮቱ ዞር ስል ንባቡ ቀጠለ።

እናትነሽ ማለፏን ከወራት በኋላ ከራሷ ሰማሁ፤ እንጅባራ ላይ መኪናችንን አስቆመችና፣ ወደ ተመደበችበት ትምህርት ቤት እስከ መገንጠያው ወሰድናት። አቶ ቢያድግልኝን የደመወዝ ቅጣት ጥለውባቸው ወደ ሌላ ክፍል አዛወሯቸው፤ ብዙም ሳይቆዩ በፈቃዳቸው ለቅቀው አገራቸው ገቡ፤ ዛሬም ይጠርዛሉ አሉ። እንግዶቹ ቤቱን ሠሩ፤ ዳንግላ ግን አይደለም።

በዚያ ቀን ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ከመስኮቱ ተነሥቼ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ መመለስ ሲገባኝ፣ በኮሌጁ በር አልፌ ወደ ትልቁ መንገድ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል። አንድ የጭነት መኪና እስከ ጎማው ወገብ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ ሹፌሩ ብቻውን ይራገማል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ድንጋይ አመላለስሁ፤ ቅጠል ከጎማው ሥር አነጠፍሁ፤ ገፋሁ። መኪናው እያጓራ ሲወጣ፣ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ጭቃ ሆኜ ቆሜያለሁ።

ሹፌሩ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ዓይኖቼን ብቻ አየ።

«አንተ፣ ሥራ አለህ?»

«እስከ አሁን ነበረኝ» አልሁት።